«በግል ሥራ ተሰማርተው»

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንድ የኮርስ ጓደኛችንን እዚህ ጎንደር መድኃኔዓለም ቀበርን። ፍትሐቱ አለቀ። የእድሩ ጸሐፊ ከኪሱ ግማሽ ገጽ ወረቀት አወጣና የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ጎንደር ተወለዱ። በውትድርና ሙያ አገራቸውን በቅንነት አገለገሉ። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ በግል ሥራ ተሰማርተው ቆዩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። የአራት ልጆች አባት ነበሩ። በቃ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ማዕረጉ እንኳን ተሳስቷል። ሌተና ኮሎኔል ነበር፣ ሻለቃ ተባለ። የተማረው ሐረር ጦር አካዳሚ ነው፣ ሆለታ ተብሎ ተነበበ።

ጸሐፊውን አልወቅሰውም። የሰጡትን ነው ያነበበው። ወረቀቱን የጻፈው የሟቹ ትንሹ ልጅ ነው፤ ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ ሆኖ አጎቱን እየጠየቀ። እኔ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም «ላግዝህ» አላልኩም። ሦስት ዓመት ከጎኑ ባለ አልጋ ላይ የተኛሁት ሰው!

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የሞቱ ጓደኞቼን ታሪክ ስጽፍ ቆየሁ። ጸሐፊ አይደለሁም። መንገድ ላይ የተማርኩት ነገር ስላለ ግን፣ ይህንኑ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢኖር ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው።

የጀመርኩት ከአንድ ፎቶ ነው። ከጎንደር ሰባት ሆነን ነበር ሐረር ጦር አካዳሚ የገባነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ወጥተን አገር ቤት ስንመጣ፣ ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብተን ዩኒፎርማችንን እንደለበስን ተነሳን። ያን ጊዜ ከሐረር ጎንደር መምጣት ቀላል አልነበረም። በመኪና ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ሁለት ቀን በአውቶቡስ። ፎቶው ላይ ግን የደከመው ማንም የለም። ሁላችንም ደረታችንን ነፍተናል። ከሰባቱ አሁን ያለነው ሁለት ነን። ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ እግሩ ስለማይታዘዘው በስልክ ነው የሚያግዘኝ።

ፎቶ ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ። ዋናውን ግን ይዛችሁ አትዙሩ። እኔ በስልክ አስነስቼ፣ ትልቅ አድርጌ አሳትሜ ነው የዞርኩት። ሰው ፎቶ ሲያይ የሚያስታውሰውና ዝም ብሎ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው አንድ አይደለም። አንዲት የሰባ ዓመት እህት «ይሄ ጫማ የሱ አይደለም፣ ተውሶ ነው» ብላ ጀምራ ሁለት ሰዓት አወራችኝ።

ፎቶ ከሌለም አትደነቁ። በ1983 የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ብዙ ቤት ዩኒፎርም፣ ሜዳሊያ፣ ፎቶ ተቃጥሏል። አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱ ተናዶ። የአንዱ ጓደኛችን ሚስት የምረቃ ፎቶውን ከሰንዱቅ ግርጌ፣ ከሙሽራ ቀሚሷ ሥር ደብቃ ነው ያቆየችው። ቀሚሱን ብል በልቶታል፤ ፎቶው ግን ደህና ነው።

ቤተሰብ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስህተት ደብተር ይዞ መግባት ነበር። ደብተር ሲያዩ ሰዎች እንደ ቀበሌ ያወራሉ። «የተወለዱት በዚህ ዓመት፣ ያገለገሉት በዚህ ቦታ።» አሁን ቡናውን እጠጣለሁ። በረካው ካልደረሰ እስክሪብቶ አላወጣም። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብዬም አልጠይቅም። መልሱ የታወቀ ነው፤ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለእውነት የቆመ። የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነው። «ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር?» ብዬ ነው የምጠይቀው። «ሲናደድስ?» «በምን ይስቅ ነበር?» ሰውየው ያኔ ብቅ ይላል።

ሌላው ማዕረግ ነው። በአማርኛ ሻለቃ ማዕረግም ነው፣ ጦርም ነው። ሻምበልም እንደዚያው። ሚስት «የሻለቃ አዛዥ ነበር» ትላለች፤ ልጅ «አባቴ ሻለቃ ነበር» ብሎ ይይዛል። በእውነቱ ሰውየው በሻምበልነት ማዕረግ ሻለቃ ጦር ሲመራ የነበረ ሊሆን ይችላል። በጦርነቱ ዘመን መኮንን ሲያልቅ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ነበር። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ነጥላችሁ ጠይቁ፤ ትከሻው ላይ ምን ነበር? ሥሩ ስንት ሰው ነበር?

ዓመተ ምህረትም እንደዚሁ ያሳስታል። እኛ ሐረር የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት ያስተማሩት የህንድ መኮንኖች ነበሩ፤ ሥርዓቱም ከነሹካና ቢላዋ አያያዙ እነሱ የተከሉት ነው። (ለእኛ በእጃችን እንጀራ ጠቅልለን ላደግን ልጆች ከመሣሪያ ፈትቶ መግጠም ይልቅ ያስቸገረን ሹካው ነው።) ወረቀቶቻችን ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው። ፎቶ ጀርባ ላይ በእጅ የተጻፈው ደግሞ በኛ። አንዱ ቤት ውስጥ አባትየው ካራማራ ላይ «በ1978» ተዋጋ ብለው ነገሩኝ። በኛ የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። በስምንት ዓመት ልዩነት ሰውየውን ከአንዱ ጦርነት አውጥታችሁ ሌላው ውስጥ ልትከቱት ትችላላችሁ።

ካራማራን ካነሳሁ ስለ መድፈኛው ልንገራችሁ።

ከሰባታችን በሒሳብ የሚደርስበት አልነበረም። ስለዚህ መድፈኛ ተመደበ። አካዳሚውን ለቀን ብዙ ሳንቆይ የሶማሊያ ጦር ገባ። ጅጅጋ መስከረም 1970 ላይ ተያዘች። ውጊያው ሐረር በር ድረስ መጣ። በእጩ መኮንንነታችን ካርታ ይዘን የዞርንበት አገር፣ ሐኪም ጋራን ዞር ብለን እያየን «ኮረብታውን ያዝነው» እያልን የተጫወትንበት አገር፣ እውነተኛ ግንባር ሆነ። እሱ ያን ጊዜ በአሜሪካ መድፍ ነበር የሠለጠነው። የሶቪየት መሣሪያ መጣ። ስለዚያ ወቅት ሲያወራ ስለ ጥይቱ አይደለም የሚያወራው። «ክቡ ተቀየረብን» ነበር የሚለው። አሜሪካኖቹ ክብን ለመድፍ አቅጣጫ 6400 ቦታ ነው የሚከፍሉት። ሩሲያኖቹ 6000። ጭንቅላቱ በ6400 የተሠራ ሰው፣ በአንድ ጊዜ በ6000 ማሰብ አለበት፤ ከተሳሳተ ደግሞ የሚመታው የራሱን ወገን ነው። «ሌሊት በሕልሜም አካፍል ነበር» ይለን ነበር።

ይህን ሁሉ ልጁ አታውቅም። አባቷን የምታውቀው በአስጠኚነት ነው። ከ1983 በኋላ ቤቱ እየጠራ፣ በኋላም ቤት ለቤት እየዞረ፣ ሒሳብ ያስጠና ነበር። ታሪኩን ልጽፍ ስሄድ «ጋሼ፣ አባባ እኮ ስለ ጦርነት አውርቶን አያውቅም፤ ምን ልንገርዎት?» አለችኝ። ስለ ማስጠናቱ ንገሪኝ አልኳት። ተማሪዎቹን ሰብስቦ ጃንተከል ዋርካ ሥር ይወስዳቸው ነበር። አንድ ዘንግ ያቆማል። የዘንጉን ጥላ በእርምጃ ያስለካቸዋል፣ የዋርካውንም ጥላ ያስለካቸዋል። ከዚያ «በሉ ሳትወጡበት የዛፉን ቁመት ንገሩኝ» ይላል። የተሳሳተውን «ወገንህን መታህ» ይለዋል። ልጆቹ ምን ማለቱ እንደሆነ አይገባቸውም፤ ይስቃሉ። እሷም አሁን ስትነግረኝ ሳቀች። እኔ የሳቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ጻፍኩት። 6400ውንም ዋርካውንም። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ሰው ነው።

የሦስተኛው ጓደኛችን ነገር ከባድ ነበር። እግረኛ ነው። ከካራማራ በሰላም ወጥቶ ወደ ሰሜን ተዛወረ። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የናደው እዝ የተባለው ጦር ሲደመሰስ እዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አላገኘሁም። ሞተ የሚል ወረቀት ለቤተሰቡ አልመጣም። መርዶ ነጋሪም አልመጣም። በ1983 ምርኮኞች ሲመለሱ እናቱ መንገድ ወጥታ ጠበቀች። አልመጣም።

እናትየው ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፋለች። ታሪኩን የሰጠችኝ ታናሽ እህቷ ናት። እናቱ ለቅሶ አልተቀመጠችም፣ ተዝካርም አላወጣችም። ልጅየው አካዳሚ ከመግባቱ በፊት ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበረው። ተራው ሲደርስ እናቱ በሱ ስም ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ታወጣ ነበር። እስከ ሞተችበት ዓመት ድረስ። ሟች ቢባል ከማኅበሩ ስሙ ይሰረዝ ነበር፤ እሷ ግን አላሰረዘችውም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጎረቤት ለቅሶ ላይ አልቃሿ ስታወርድ ድንገት ብድግ ብላ ይህን አለች፤ እህቷ በቃሏ ይዛዋለች፦

ካራማራ ውሎ የተመለሰው ልጅ፣
አፋቤት ቀረ አሉኝ አላየሁትም እንጅ።

ሙሾ አትናቁ። እዚህ አገር ሰው ወረቀት ቢያቃጥልም ግጥም አያቃጥልም። በሁለት መስመር የት እንደተዋጋ፣ የት እንደጠፋ፣ እናቱም እንዳላመነች ተቀምጧል። ስለዚህ ልጅ ስጽፍ «ተሰዋ» አላልኩም። አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ በስልክ ተቆጣኝ፤ «ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ምን ትጠብቃለህ፣ ጀግና ነው፣ ተሰዋ በል» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። በመጨረሻ የጻፍኩት «መጋቢት 1980 አፋቤት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም» የሚለውን ነው። ከሥሩ የእናቱን ሁለት መስመር አስገባሁ። እሱም ሲነበብለት ዝም አለ።

አራተኛው ከግንቦት 8 ቀን 1981ዱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታሰረ። ስለሱ የሰማሁት ታሪክ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም እርስ በርስ አይገጥሙም። ነጋሪዎቹ ሁሉ «እኔ አውቃለሁ» ይላሉ። ሲጣራ ግን ከሌላ ሰው የሰሙት ነው። እንዲህ ሲሆን እኔ ያደረግኩት፣ ራሱ በዓይኑ ያየ ሰው የነገረኝን ብቻ መጻፍ ነው። ስለዚህ የሱ ታሪክ አጭር ሆነ። በጣም አጭር። ሚስቱ ግን የመጨረሻውን ምሳ ምን እንደበሉ ታስታውሳለች፤ ሽሮ ነበር፣ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ምንም ሳይል በላው። ያንን አስገባሁት። ከሦስቱ ታሪክ ሁሉ እሱን ነው የማምነው።

አምስተኛው የመገናኛ መኮንን ነበር፤ በስኳር በሽታ ሞተ። ቤተሰቡ ሁሉን ነገር በሥርዓት ይዞ ስለቆየ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የፈጀብኝ። እንዲህ ዓይነት ቤት ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ አከራከረን። ጽሑፉን እንደጀመርኩ ከሌላ ከተማ አንድ ሰው ደውሎ «እኔም ልጁ ነኝ» አለ። መኮንን ከምድብ ወደ ምድብ ሲዞር የኖረ ነው፤ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ታላቋ ልጅ መጀመሪያ እምቢ አለች። እኔም አልጫንኳትም። ከአንድ ወር በኋላ ራሷ ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ስድስት ልጆች ብለው ይጻፉት» አለች። በፊት አምስት ነበር የተጻፈው።

ወደ መጀመሪያው ልመለስ፤ ሁለት ደቂቃ ያልሞላ ታሪክ ወደተነበበለት።

እሱን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ከብዶኝ ነው። እስከ 1983 ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። የት እንደተመደበ፣ መቼ እንደቆሰለ፣ ለምን ከአንድ ጄኔራል ጋር እንደተጣላ። ቤተሰቡም ያንን በደስታ ይነግራል። 1983 ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ይቆማል። «ከዚያ በኋላ በግል ሥራ ተሰማርቶ…» ሌላም ቤት የገጠመኝ ይኸው ነው። ወታደርነቱ ይተረካል፣ ቀጥሎ ያለው በአንድ ሐረግ ይዘጋል። ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሠራዊት ነው የተበተነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች የት ገቡ? በግል ሥራ ገቡ! እኔ ራሴ ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነው የምለው። ሥራዬ ግን ቅዳሜ ገበያ የሰው እህል መመዘን ነበር፤ ሦስት ዓመት።

እሱ የሌሊት ዘበኛ ነበር።

ከተሃድሶ ካምፕ ወጥቶ ጎንደር ሲመጣ አርባ ሊሞላው ነበር። ሥራ ፈለገ፤ አጣ። በመጨረሻ አንድ መጋዘን ላይ ጥበቃ ተቀጠረ። እኔ አውቅ ነበር። አውቶፓርኮ በኩል ሳልፍ አንድ ምሽት በር ላይ ካፖርት ለብሶ አየሁትና በሌላ መንገድ ዞርኩ። እንዳያፍር ብዬ ነው፤ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቡና ጠጥተናል፣ ስለ መጋዘኑ አንድም ቀን አላነሳንም።

ሚስቱን ላስፈቅድ ሄድኩ። «ሻለቃ፣ ይሄ ባይነሳ ምን አለበት?» አለችኝ። ትልቁ ልጅም ፊቱ ጠቆረ። አልተከራከርኳቸውም። ከሱ ጋር ሌሊት ይሠራ የነበረ ሰው ካለ ብቻ ስሙን ስጡኝ አልኩ። ነበረ። ተራ ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ አዘዞ ነው የሚኖረው። ሄጄ አገኘሁት።

ይህ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ «ጌታዬ» ነበር የሚለው። እሱ ደግሞ «ተው፣ ሁለታችንም ዘበኛ ነን» ይለዋል። ፈረቃ ሲረካከቡ አንድም ቀን ተቀምጦ ተቀብሎት አያውቅም፤ ቆሞ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት መዝገብ ያዙ ሳይላቸው ጓደኛዬ ራሱ ደብተር ገዝቶ መዝገብ ጀመረ። ደብተሮቹ ከመጋዘኑ ሲጣሉ ወታደሩ ሁለቱን አንስቶ ቤቱ አስቀምጧል። አውጥቶ አሳየኝ። የእጅ ጽሑፉን አወቅኩት፤ አካዳሚ ሳለን የፈተና ወረቀቱን አሾልቄ የማይበት ያው ቀጥ ያለ ጽሑፍ ነው።

«ከምሽቱ 12 ሰዓት ተረክቤአለሁ። የምሥራቁ አጥር ሽቦ ላልቷል፣ አስረነዋል። 8 ሰዓት ላይ ውሻ ጮኸ፣ ዞሬ አይቻለሁ፣ ምንም የለም። ሲነጋ 12 ሰዓት አስረክቤአለሁ።»

እንዲህ ነው ገጹ ሁሉ። ማንም እንደማያነበው እያወቀ።

ደብተሩን ተውሼ ለሚስቱ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ አራት አምስት ገጽ አነበበች። ቡናው እስኪፈላ አልተናገረችም። በኋላ «አጥሩን በሌሊት ሲያስር እጁን ተቆርጦ መጥቶ ነበር፤ በሬ ወጋኝ ብሎ ነው የዋሸኝ» አለች። «በል ጻፈው።»

ዘንድሮ ሙት ዓመቱ ላይ ታሪኩ ድጋሚ ተነበበ። ድንኳን ውስጥ፣ ከጸሎቱ በኋላ። ያነበበው ያው ትንሹ ልጅ ነው። ማዕረጉ ተስተካክሏል። ሐረር ሐረር ሆኗል። አንድ ሙሉ ገጽ ተኩል ነበር። እዚያ ቦታ ሲደርስ ቆም ብሎ እናቱን አየ፤ ቀጠለ። «በ1980ዎቹ መጨረሻ በአንድ መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት…»

«አሥራ ሁለት ነው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ከአዘዞ የመጣው ወታደር ነበር።

ልጁ ከአጎቱ ኪስ እስክሪብቶ ወሰደ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አረመው፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አነበበው።